ጥላ የሚያነብ አቡጀዲ፦ የሰፈር ዲጂታል ጥበብ በሐረር

[ምስል፦ ምሽት። ከጀጎል በር ውጭ፣ ሜዳ ላይ የተወጠረ ነጭ ጨርቅ]

ልጁ እጁን ያነሳል። ጥላው ጨርቁ ላይ ያለችውን ወፍ ሲነካት ብርር ትላለች። ወፏን የሣለችው የሰፈሩ ልጅ ናት። በጥላ የሚሠራ ጥበብ ስልክም ፊደል መቁጠርም አይጠይቅም፤ የምንመርጠው ለዚህ ነው። አርቲስቱ ራፋኤል ሎዛኖ ሄመር እ.ኤ.አ. በ2001 በሆላንዷ ሮተርዳም አደባባይ የመንገደኛውን ጥላ እስከ 25 ሜትር አሳድጎታል። ለእኛ 2 ሜትር ተኩል ይበቃል።

የጀጎል መተላለፊያዎች ያምራሉ፣ ግን ይጠባሉ። ተራ ፕሮጀክተር 4 ሜትር የሚሰፋ ምስል ለመጣል 6 ሜትር ያህል መራቅ አለበት፤ ስለዚህ ከበሮቹ ውጭ ያለ ሜዳ ይሻላል። ግንቡን እንደ ሸራ አትጠቀሙበት። ሻካራ ድንጋይ ብርሃን ይውጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ በተመዘገበ ቅርስ ላይም ሚስማር አይመታም።

አቡጀዲ ገዝታችሁ መኪና ግርግር ላሉት ልብስ ሰፊዎች ስጡ፤ 4 በ2.5 ሜትር አድርገው ይገጥሙታል። የሰፈሩ እጅ መግባት ያለበት ከዚህ ጀምሮ ነው እንጂ በምረቃው ምሽት አይደለም። ጨርቁን ከእንጨት ፍሬሙ ጋር በከመነዳሪ ቁራጭ እሰሩት። በገመድ ከታሰረ ነፋስ ሲመጣ ስፌቱ ይተረተራል።

[ምስል፦ ከጨርቁ ጀርባ የተተከለ ካሜራ]

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጥላውን የሚያነበው ካሜራ ላይ ነው። ተራ ካሜራ ከፊት ሲተከል ፕሮጀክተሩ የጣለውን ምስል ራሱን እንደ ሰው ይቆጥራል፤ ወፎቹ ማንም ሳይነካቸው ሲተራመሱ ያመሻሉ። መፍትሔው ዓይን የማያየው የኢንፍራሬድ ብርሃን ነው። የኢንፍራሬድ መብራቱን ከፕሮጀክተሩ ሌንስ ጎን አስጠግታችሁ ትከሉ። ካሜራው ከጨርቁ ጀርባ ይቁም፣ የሚታየውን ብርሃን የሚያስቀር ማጣሪያም ይደረግበት። አቡጀዲ ስስ ስለሆነ ጥላው ከጀርባም ይታያል። የላፕቶፕ ካሜራ ግን አይሆንም፤ ኢንፍራሬድን የሚያግድ መስታወት አለበት። መብራቱ ከሌንሱ 20 ሴንቲሜትር ከራቀ፣ መሐል የቆመ ሰው ጥላ በዚያው ልክ ይዛነፋል። ከጀርባ ሲታይ ደግሞ ግራና ቀኝ ይገለበጣል፤ በሶፍትዌሩ ካላዞራችሁት ልጁ ቀኝ እጁን ሲያነሳ የግራዋ ወፍ ትበራለች።

ከፕሮጀክተሩ 3 ሜትር ላይ የቆመ ልጅ ጥላው እጥፍ ያድጋል፤ ጨርቁ አጠገብ የቆመ አዋቂ በቁመቱ ይቀራል። አትንገሯቸው፣ ልጆቹ ራሳቸው ይደርሱበታል። ሌንሱን ብቻ ዙሪያውን በገመድ ክለሉት፤ ብርሃኑ ለዓይን አደገኛ ነው።

ፎቶ ተነሥተው ጨርቁ ላይ የሚታዩት ሥዕሎች በነጭ ወረቀት፣ በወፍራም ጥቁር ማርከር ይሣሉ። የእርሳስ መስመር ፎቶ ላይ ይጠፋል።

መብራት ቢጠፋስ? ፕሮጀክተሩ፣ ላፕቶፑና ኢንፍራሬዱ አንድ ላይ 450 ዋት ቢወስዱ፣ ለ2 ሰዓት 900 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል። የ12 ቮልት፣ 200 አምፒር ሰዓት ባትሪ 2,400 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ ተጠቀሙ። ዩፒኤስም (መብራት ሲቋረጥ ለጥቂት ጊዜ የሚተካ መሣሪያ) መሐል ይግባ፤ ባለ አምፖል ፕሮጀክተር ማራገቢያው ሳያቀዘቅዘው በድንገት ከጠፋ አምፖሉ ይጎዳል።

ካሜራው ምንም አይቅዳ። ይህንንም ወላጆች ከምሽቱ በፊት ይስሙት።