አርቲኤክስ 3060 እና አርቲኤክስ 4060፦ የአዲሱ ብልጫ የት ላይ ይቆማል?

[ምስል፦ ሁለቱ ካርዶች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን]

ከፊታችሁ የምታዩዋቸው ሁለት ግራፊክስ ካርዶች የኤንቪዲያ ቺፕ የተገጠመላቸው ናቸው። አርቲኤክስ 3060 እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ በ329 ዶላር፣ አርቲኤክስ 4060 ደግሞ በ2023 አጋማሽ በ299 ዶላር መነሻ ዋጋ ለገበያ ቀርበዋል። ሁለቱን በቁጥር ብቻ ያነጻጸረ ሰው ግራ መጋባቱ አይቀርም። አዲሱ ካርድ ከአሮጌው ያነሱ ኮሮች (ስሌት የሚሠሩ ክፍሎች) አሉት፤ ሜሞሪው ከ12 ጊጋባይት ወደ 8 ወርዷል፤ የሜሞሪ መስመሩም ከ192 ቢት ወደ 128 ጠብቧል። ይህም ሆኖ በ1080ፒ የስክሪን ጥራት (ቁመቱ 1080 ነጥብ በሆነ ምስል) በአብዛኞቹ ጌሞች ከ15 እስከ 20 በመቶ ገደማ ይቀድማል። ብልጫው ከየት እንደመጣና ምን ሲገጥመው እንደሚጠፋ እንመልከት።

[ምስል፦ የሁለቱ ቺፖች ንድፍ]

በ3060 ውስጥ ያሉት ኮሮች 3584 ሲሆኑ በ4060 ውስጥ ያሉት 3072 ናቸው። ነገር ግን የመጀመሪያው ቺፕ የተመረተው በሳምሰንግ የ8 ናኖሜትር ቴክኖሎጂ ሲሆን የቡስት (ከፍተኛ የሥራ) ፍጥነቱ 1777 ሜጋኸርትዝ፣ ማለትም በሰከንድ 1777 ሚሊዮን ምት ነው፤ ሁለተኛው የታይዋኑ ቲኤስኤምሲ በሚጠቀምበት ይበልጥ በረቀቀ ቴክኖሎጂ በመመረቱ 2460 ሜጋኸርትዝ ይደርሳል። እያንዳንዱ ኮር በአንድ ምት ሁለት ስሌት ስለሚሠራ፣ አባዝተን ስናየው አሮጌው በሰከንድ 12.7 ትሪሊዮን፣ አዲሱ 15.1 ትሪሊዮን ስሌት የመሥራት አቅም አላቸው። ሠራተኛው ቢቀንስም እጁ ፈጥኗል።

ይህ ግን የወረቀት ቁጥር ነው፤ ኮር የሚያሰላው ዳታው ሲደርሰው ብቻ ነውና። የ3060 ሜሞሪ በሰከንድ 360 ጊጋባይት ሲያቀብል የ4060 ግን 272 ብቻ ያቀብላል። ኤንቪዲያ ይህን ጉድለት ያካካሰው በቺፑ ውስጥ ያለውን ካሽ (ለኮሮቹ ቅርብ የሆነ ትንሽ ፈጣን ሜሞሪ) ከ3 ሜጋባይት ወደ 24 በማሳደግ ነው። የመርካቶ ባለሱቅን አስቡ፦ ደንበኛው የጠየቀውን ዕቃ ከመደርደሪያው ካገኘው ወደ መጋዘን ሰው አይልክም። መደርደሪያው ስምንት እጥፍ ከሰፋ፣ የመጋዘኑ መንገድ ቢጠብም ንግዱ አይስተጓጎልም። ጥራቱን ወደ 1440ፒ ወይም ወደ 4ኬ ከፍ ስናደርገው ግን የሚፈለገው ዳታ ስለሚበዛ ካሹ የሚሸፍነው ድርሻ ይቀንሳል፤ ጠባቡ መንገድም መሰማት ይጀምራል።

[ምስል፦ የሜሞሪ አጠቃቀም ግራፍ፣ 8 ጊጋባይት ላይ ቀይ መስመር]

ትልቁ ጉዳይ መጋዘኑ ራሱ፣ ማለትም የካርዱ ሜሞሪ፣ ሲሞላ የሚሆነው ነው። አንድ ጌም የግድግዳውንና የልብሱን ምስል በከፍተኛ ደረጃ እንዲያሳይ አዝዘነው 9 ወይም 10 ጊጋባይት ቢፈልግ፣ 3060 ሁሉንም ይይዛል፤ 4060 ግን የተረፈውን ወደ ኮምፒውተሩ ዋና ሜሞሪ ያወጣና በተፈለገ ጊዜ ፒሲአይ ኤክስፕረስ በተባለው ካርዱን ከማዘርቦርዱ በሚያገናኘው መስመር በኩል መልሶ ያስመጣዋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፦ 4060 ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው በ16 ሳይሆን በ8 መስመሮች ነው። የማዘርቦርዱ ፒሲአይ ኤክስፕረስ አራተኛው ትውልድ ከሆነ በሰከንድ 16 ጊጋባይት ገደማ ያልፋል፤ ሦስተኛው ትውልድ ከሆነ ግን ወደ 8 ይወርዳል። ከ272 ወደ 8 መውረድ ማለት እንግዲህ ምን ያህል መሆኑን መገመት አያዳግትም። በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ አዲስ ካርድ ለመጨመር ያሰበ ሰው ይህን ሳያጣራ ገንዘቡን ባያወጣ እመክራለሁ።

በስክሪኑ ላይ ይህ የሚታየው ካሜራው በፍጥነት ሲዞር ምስሉ ለቅጽበት ቀጥ ሲል፣ ወይም ቀርበን የቆምንበት ግድግዳ ደብዝዞ ሲቆይ ነው። አማካይ የፍሬም ቁጥር (በሰከንድ የሚሣሉ ምስሎች ብዛት) ይህን ይደብቀዋል። በሰከንድ 60 ፍሬም እየሣለ ለ10 ሰከንድ በሚሄድ ጌም ውስጥ አምስት ፍሬሞች ብቻ እያንዳንዳቸው 100 ሚሊሰከንድ ቢፈጁ፣ አማካዩ 57.5 ይሆናል። ቁጥሩ ብዙም አልቀነሰም፤ ዓይን ግን አምስቱንም መንገጫገጭ ቆጥሯቸዋል። ስለዚህ የማንም ሰው ንጽጽር ስታዩ፣ ከአማካዩ ይልቅ ዝቅተኛው 1 በመቶ ተብሎ የሚጻፈውን ቁጥር (በጣም የዘገዩትን ፍሬሞች ፍጥነት የሚያሳየውን) ፈልጉ።

ስለ ስሙ አንድ ጥንቃቄ ላክል። በ2022 መገባደጃ ላይ 3060 የሚለውን ስም እንደያዘ 8 ጊጋባይት ሜሞሪና 128 ቢት መስመር ያለው፣ በሰከንድ 240 ጊጋባይት ብቻ የሚያቀብል ሌላ ካርድ ወጥቷል። እስካሁን ስለ 3060 የተናገርሁት የሜሞሪ ብልጫ በሙሉ ይህንን አይመለከትም፤ በእኔ ግምት ሌላ ስም ሊሰጠው ይገባ ነበር።

[ምስል፦ የቪዲዮ ኤዲቲንግ ፕሮግራም]

ከጌም ውጭ ሚዛኑ ይለያያል። 10 ጊጋባይት የሚይዝ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል 3060 ላይ ሙሉ በሙሉ ይጫናል፤ 4060 ላይ ግን ከፊሉ ውጭ ይቀራል። ብሌንደር በተባለው የ3ዲ ፕሮግራም ከባድ ትዕይንት ሬንደር ለሚያደርግ (ወደ ምስል ለሚቀይር) ሰውም ነገሩ ያው ነው። በተቃራኒው 4060 ቪዲዮን ኤቪ1 በተባለው ፋይሉን በሚያሳንስ ፎርማት መቅረጽ ሲችል 3060 ማጫወት እንጂ መቅረጽ አይችልም። ዲኤልኤስኤስ 3 የተባለው የኤንቪዲያ ቴክኖሎጂ ፍሬም ማመንጫም ከሁለቱ የ4060 ብቻ ነው፤ ሆኖም በሁለት እውነተኛ ፍሬሞች መካከል አንድ የተሠራ ፍሬም ስለሚያስገባ እንቅስቃሴውን ያለሰልሳል እንጂ ለማውስ የሚሰጠውን ምላሽ አያፈጥንም፤ ራሱም ሜሞሪ ይወስዳል።

በኃይል ፍጆታ ግን ክርክር የለም፤ አሮጌው እስከ 170 ዋት ሲፈልግ አዲሱ 115 ይበቃዋል። በቀን አምስት ሰዓት ሙሉ ጭነት ላይ ለሚሠራ ሰው ልዩነቱ በ30 ቀን ከ8 ኪሎዋት ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። መብራት ሲጠፋ በዩፒኤስ (መጠባበቂያ ባትሪ) ሥራውን ለሚጨርስ ኤዲተር 55 ዋት የሚቆጠር ደቂቃ ነው።

[ምስል፦ የዊንዶውስ ታስክ ማናጀር]

አሁን ያላችሁን ካርድ ለመፈተሽ የምትጠቀሙበትን ጌም ወይም ፕሮግራም ክፈቱና በታስክ ማናጀር የግራፊክስ ካርዱን ገጽ ተመልከቱ። የካርዱ የራሱ ሜሞሪ ጣሪያውን ነክቶ፣ ከሥሩ ያለው ሼርድ የተባለው ሜሞሪ ማሻቀብ ከጀመረ፣ ሌላውን ማስተካከያ ሳትነኩ የቴክስቸሩን (የግድግዳና የልብስ ገጽታ ምስሎችን) ጥራት ብቻ አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጉና ግራፉን እንደገና ተመልከቱት።