በጉባኤም በየቤታችሁም

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 20ን ደጋግሜ እያነበብኩ ነበርና ስለ እረኞቻችን፣ በተለይ ስለ ንስሐ አባቶቻችን ላወራችሁ ወደድኩ።

ቦታው ሚሊጢን ነው። ጳውሎስ ወደ ኢየሩሳሌም ሊሄድ ሲል የኤፌሶንን ሽማግሌዎች አስጠርቶ ይሰናበታቸዋል። ከእንግዲህ ፊቴን አታዩም ብሎ ቁርጡን ይነግራቸዋል። ታዲያ በዚያች ሰዓት ስላደረገው ተአምር አንድም ነገር አያነሳም። በጉባኤም በየቤታችሁም አስተማርኋችሁ፣ ሦስት ዓመት ሌትና ቀን እያንዳንዳችሁን በእንባ ገሠጽሁ ነው የሚላቸው። እያንዳንዳችሁን! ይህን ሳነብ ስለ እኛ አሰብኩ።

ጉባኤውስ ሞልቶልናል። ስልካችንን ስንከፍት ስብከቱ፣ መዝሙሩ፣ ትርጓሜው በየዓይነቱ አለ። እኔም እሰማለሁ፣ ብዙም ተምሬበታለሁ። ነገር ግን ያ ሰባኪ ስሜን አያውቅም። ብታመም፣ ትዳሬ ቢናጋ፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ብጠፋ አይፈልገኝም፤ ከየት አውቆኝ? መምህሬ ነው፣ እረኛዬ ግን አይደለም።

እኛ ቤት የነበሩት የንስሐ አባት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጸበል ሊረጩ ሲመጡ አይቸኩሉም ነበር። መስቀል አሳልመውን ይቀመጣሉ። እናቴ ቡና እስክታፈላ ድረስ ልጆቹን አንድ በአንድ በክርስትና ስማችን እየጠሩ ያነጋግሩናል። በኋላ ሲገባኝ፣ ያ ጨዋታ ሁሉ ሥራቸው ነበር። አባቴ ከወንድሙ ጋር በመሬት ተጣልቶ በተኮራረፉ ጊዜ ነገሩን ማንም ሳይነግራቸው ከፊቱ አነበቡት። ሁለቱን በአንድ ቀን ጠርተው እስኪታረቁ ድረስ ከቤት አልወጡም።

ቀኖና ሲሰጡም እንደ ሰዉ ነው። ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ስግደት አይጭኑበትም፤ ጸሎት ይሰጡታል። እጁ የጠበቀውን ባለጸጋ ደግሞ ስግደት ይሻለኛል ቢልም ምጽዋት ያዝዙታል። ሰውን ሳያውቁ ይህን እንዴት ማድረግ ይቻላል? የተነገራቸውን ምስጢር ደግሞ ይዘውት ይቀበራሉ። ቤተ ክርስቲያን የኑዛዜን ምስጢር ማውጣት በጽኑ የምትከለክለው፣ ሰው እረኛውን ከፈራ ቁስሉን ስለሚሸሽግ ነው።

ዛሬ ከተማ ውስጥ አንድ ካህን ስንት ቤት ይይዛል? ብዙዎቹን የንስሐ ልጆቹን በመልክ እንኳ መለየት የሚቸግረው አለ። አሜሪካ ያሉት ደግሞ ራሳቸው ሳምንቱን ሙሉ ሌላ ሥራ ሠርተው እሑድ ይቀድሳሉ። አረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እህታችን በር ተቆልፎባት፣ አሠሪዎቿ ሲተኙ በሹክሹክታ ነው ስልክ የምትደውለው። ያንን ስልክ በእኩለ ሌሊት የሚያነሱ አባቶች አሉ፤ እግዚአብሔር ዕድሜያቸውን ያርዝምልን።

ግን እውነቱን እንነጋገር፤ ለዝክርና ለፍትሐት ካልሆነ ደጃችንን የማይረግጡም አሉ። ሕዝቅኤል ምዕራፍ 34 ላይ እግዚአብሔር የሚቆጣው እንዲህ ባሉት ነው፤ ወተቱን ይጠጣሉ፣ ጠጕሩን ይለብሳሉ፣ የባዘነውን አይፈልጉም። ይህን ስናነሳ እንደ ድፍረት ይቆጠርብናል። እኔ ግን ዝም ማለታችን ካህናቱንም የጎዳ ይመስለኛል። ደግሞ እኛስ? በዓመት አንዴ ሁዳዴ ሊገባ ሲል ብቻ ደውለን «አባ፣ ይፍቱኝ» ብለን የምንዘጋ ስንቶቻችን ነን? በየቤታችሁ የሚለው ቃል እኮ በር የሚከፍትም ይፈልጋል።

ስለ እረኛ ባሰብኩ ቁጥር ሐምሌ 1971 ትዝ ይለኛል። በዚያ ወር ደርግ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስን ገደለ። በዚያው ወር የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ታፍነው ተወሰዱና ተገደሉ። ለጉዲና ከአገር የመውጣት ዕድል ተመቻችቶላቸው ነበር፤ የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ኔሬሬ ሊያወጧቸው ፈልገዋል። መንጋዬን በመከራ ጊዜ ጥዬ አልሄድም አሉ። የእኔ ቤተ ክርስቲያን ሰው አይደሉም፤ ግን ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ላይ ተኩላ ሲመጣ ስለሚሸሸው ሞያተኛ ባነበብኩ ቁጥር እሳቸውን ሳላስብ አላልፍም።

እንግዲህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የንስሐ አባት የሌላችሁ ፈልጉ፤ ስትፈልጉም ስብከቱ የሚጣፍጠውን ሳይሆን ጊዜ ሰጥቶ የሚያዳምጣችሁን ያዙ። አገር ወይም ሰፈር የቀየራችሁም ዝም ብላችሁ አትጥፉባቸው፤ ለቀድሞው አባታችሁ ነግራችሁ፣ ተመራርቃችሁ ወደ አዲሱ ሂዱ። ያሏችሁ ደግሞ ዛሬ ማታ ደውሉላቸውና እሳቸው እንዴት እንደሰነበቱ ጠይቋቸው።