ጠፍጣፋ ወርቅ ቀኝ ዙርና ግራ ዙር ብርሃንን እንዴት ይለያል?

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮች። ስስ ወረቀት ላይ ጠመዝማዛ መስመር ስሉና ከጀርባው በኩል በብርሃን እዩት፤ በቀኝ የዞረው በግራ ዞሮ ታገኙታላችሁ። የጠፍጣፋ ቅርጽ ዙር የሚወሰነው ከየት በኩል እንደምናየው ነው። ቀኝ ዙር ወይም ግራ ዙር ብርሃን የምንለው ሲጓዝ የኤሌክትሪክ መስኩ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ የሚሽከረከረውን ነው። ታዲያ ጠፍጣፋ የወርቅ ናኖ ቅርጽ፣ ማለትም እጅግ ጥቃቅን ቅርጽ፣ ሁለቱን በምን ይለያል?

መንገዱ ሁለት ነው፤ ብዙ ውዝግብ የሚነሳውም ሁለቱ ሲምታቱ ነው። በ2005 የፊዚክስ ተመራማሪው ኩዋታ-ጎኖካሚና ባልደረቦቹ ክንዳቸው የታጠፈ የወርቅ መስቀሎች የብርሃንን ፖላራይዜሽን (ሞገዱ የሚወዛወዝበትን አቅጣጫ) በጉልህ እንደሚያዞሩ አሳዩ። የወርቁ አንዱ ፊት አየር፣ ሌላው መስታወት ይነካል፤ ሁለቱ ፊቶች ስለማይመሳሰሉ ናሙናው በእርግጥ ጠፍጣፋ አይደለም። ቢገለበጥም ውጤቱ አይቀየርም።

ሁለተኛው ይበልጥ ይደንቀኛል። በ2006 ተመራማሪው ፌዶቶቭና ባልደረቦቹ በማይክሮዌቭ (ከሚታይ ብርሃን በረዘመ ሞገድ) ያሳዩት ነው፦ ናሙናው ሲገለበጥ ልዩነቱም ይገለበጣል። ልዩነቱ ያለው በአንድ ዙር ገብቶ በተቃራኒው በሚወጣው ብርሃን ላይ ብቻ ነው። ለዚህ ቅርጹ 90 ዲግሪ ሲዞር ራሱን መምሰል የለበትም፤ አራት እኩል ክንድ ያለው መስቀል አይሆንም ማለት ነው። ብረቱም ኃይል መምጠጥ አለበት። የብረትን ብክነት እንደ ጠላት ማየት ለምደናል፤ እዚህ ግን ያለ እሱ ክስተቱ የለም።

አሠራሩ የታወቀ ነው። መስታወቱ ላይ ፒኤምኤምኤ የተባለ፣ ኤሌክትሮን ሲመታው የሚለወጥ ፕላስቲክ ተቀብቶ በኤሌክትሮን ጨረር ይጻፋል፤ ከ2 እስከ 3 ናኖሜትር ቲታኒየም፣ ቀጥሎ 40 ናኖሜትር ያህል ወርቅ ይተንበታል፤ ትርፉ በአሴቶን ይነሳል። መስታወት ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ከላይ ስስ አስተላላፊ ንብርብር ካልተደረገ ቻርጅ ይጠራቀምና ቅርጹ ይዛባል። ቲታኒየሙ ሲወፍር ሬዞናንሱ (የወርቁ ኤሌክትሮኖች ከብርሃኑ ጋር አብረው አጥብቀው መወዛወዛቸው) ይደክማል። የተበተኑ ኤሌክትሮኖች የውስጥ ማዕዘኖችን ከደፈኑም ዙሩ አብሮ ይደበዝዛል።

ልኬቱ ላይ ግን ረጋ እንበል። በአንድ አቅጣጫ የሚወዛወዝ ብርሃን ብቻ የሚያሳልፈው ፖላራይዘር፣ ያንን ብርሃን ክብ ዙር ከሚያደርገው ከኳርተር ዌቭ ፕሌቱ ዘንግ በ45 ዲግሪ ይቀመጣል። ፕሌቱ ለአንድ የሞገድ ርዝመት ብቻ የተሠራ ከሆነ በሌላው ላይ ብርሃኑ ሞላላ ይሆናል፤ ያኔ ተራ የአቅጣጫ ልዩነት የዙር ልዩነት መስሎ ይታያል። ብርሃኑ ዘንበል ብሎ ከገባ ደግሞ ዙር የሌለው ቅርጽ እንኳ ቀኝና ግራን ሊለይ ይችላል። በመቀበያው በኩል ያለው የስፔክትሮሜትሩ ግሬቲንግም (ብርሃኑን በሞገድ ርዝመት የሚለየው ክፍል) ለፖላራይዜሽን አድልዎ አለው።

ስለዚህ ናሙናውን በያዘበት ወለል ላይ 90 ዲግሪ አዙራችሁ ለኩ፤ ብርሃኑ ንጹሕ ክብ ከሆነና መቀበያው ካላደላ ንባቡ አይቀየርም። ተቃራኒ ዙር ያለውን መንትያ ቅርጽ እዚያው መስታወት ላይ ሥሩ። በመንትያው ላይ የልዩነቱ ምልክት ተገልብጦ መጠኑ እኩል ካልሆነ፣ ወደ ፕሌቱና ወደ ብርሃኑ አገባብ ተመለሱ። ከተሳካ በኋላ ናሙናውን ፊትና ኋላ ገልብጡት፤ ከሁለቱ መንገዶች የትኛው እንደሆነ የሚነግራችሁ እሱ ነው።