«ባንኩን ልመን ወይስ ልጠንቀቅ?»፦ ከአውሮፓ ለደወሉ አድማጮች የተሰጡ መልሶች

በእሑዱ ዝግጅታችን ስለ ባንክ፣ ስለ ዕዳና ስለ ቁጠባ ስናወራ ስልኩ አላቋረጠም። ሰዓቱ ግን አልበቃንም። አንዳንዱን ጥያቄ በጥድፊያ መለስኩ፣ አንዳንዱን ጭራሽ ሳልነካው ቀረ። ስለዚህ ዛሬ በጽሑፍ ረጋ ብዬ ልመልስ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከፍራንክፈርት፦ «ጎረቤቴ ጀርመናዊ አዛውንት ናቸው። ዳቦም ይሁን ሶፋ የሚገዙት በጥሬ ገንዘብ ነው። ስቶክሆልም ያለችው እህቴ ደግሞ ሳንቲም ከነካች ዓመታት አልፈዋል። ሁለቱም አውሮፓ ነው። ይሄ ሁሉ ልዩነት ከየት መጣ?»

ወንድሜ፣ ይህን ጥያቄ በጣም ወደድኩት። ሰው ገንዘቡን የሚይዝበት መንገድ ወላጆቹና አያቶቹ ያዩትን ነገር ይከተላል።

ጀርመን ውስጥ በ1923 መጨረሻ አንድ ዶላር 4.2 ትሪሊዮን ማርክ ደርሶ ነበር። ዕድሜ ልክ የተጠራቀመ ቁጠባ አንድ ዳቦ መግዛት አቃተው። በሰኔ 1948 ደግሞ ምዕራብ ጀርመን ገንዘቧን ስትቀይር ባንክ የተቀመጠ ቁጠባ አብዛኛው ተሰረዘ። የጎረቤትህ ወላጆች ይህን በዓይናቸው አይተዋል። በዚያ ላይ በናዚም፣ በምሥራቅ ጀርመን የስለላ መሥሪያ ቤትም ዘመን መንግሥት የሰውን ጓዳ ሲፈትሽ የኖረበት አገር ነው። ምን እንደገዛሁ ማንም አይወቅብኝ የሚለው ስሜት ከዚያ ይመጣል። በጀርመንኛ «ሹልድ» የሚለው ቃል ዕዳም በደልም ማለት ነው። እኛም ጋ ዕዳና በደል አብረው ስለሚነሱ ነገሩ አይጠፋህም። የጀርመን ማዕከላዊ ባንክ በ2023 ባደረገው ጥናት ከዕለት ተዕለት ክፍያዎች ግማሽ ያህሉ አሁንም በጥሬ ገንዘብ ነበር።

ስዊድን ሌላ መንገድ ሄደች። ትልልቆቹ ባንኮች ተባብረው በ2012 «ስዊሽ»ን አመጡ። በስልክ ቁጥር ብቻ ገንዘብ መላክ ተቻለ። ስዊድናዊው በመንግሥቱም በባንኩም ላይ ያለው እምነት ከፍ ያለ ስለነበር ቶሎ ተቀበለው። ግን በኅዳር 2024 መንግሥት ለየቤቱ ባከፋፈለው የአደጋ ጊዜ መጽሔት ላይ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት የሚሆን ጥሬ ገንዘብ ቤት ውስጥ ይኑራችሁ ይላል። ኤሌክትሪክ ከጠፋ ወይም ኔትወርክ ከተጠቃ ስልክ ዳቦ አይገዛም። ለእህትህ ይህን ንገራት። ጎረቤትህ ደግሞ ብዙ ገንዘብ ቤት የሚያስቀምጡ ከሆነ እሳትና ሌባ መኖሩን በአክብሮት አንሳባቸው።

ከኮሎኝ፦ «የጥገኝነት ጉዳዬ ገና አልተወሰነም። ሁለት ባንክ ሄጄ ወረቀትህ አይበቃም ብለው መለሱኝ። ደመወዜ በጓደኛዬ ሒሳብ ነው የሚገባው።»

በመጀመሪያ የጓደኛህን ሒሳብ መጠቀም አቁም። እሱ ዕዳ ቢኖርበትና ሒሳቡ ቢታገድ ያንተም ላብ አብሮ ይታገዳል። እንዲህ ሆኖባቸው እያለቀሱ ቢሮዬ የመጡ ሰዎች አሉ።

አሁን ወደ መብትህ። በ2014 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት ሕግ በኅብረቱ ውስጥ በሕጋዊ መንገድ የሚኖር ሰው ሁሉ መሠረታዊ የባንክ ሒሳብ የመክፈት መብት አለው ይላል። ጥገኝነት ጠያቂም በስሙ ተጠቅሷል። ጀርመን ይህን ከሰኔ 2016 ጀምሮ ተግባራዊ አድርጋለች። ስሙ «ባዚስኮንቶ» ነው። ስለዚህ ባንክ ቤት ስትገባ «ሒሳብ መክፈት እፈልጋለሁ» ብቻ አትበል። «ባዚስኮንቶ» ብለህ ጠይቅና ቅጹን ሙላ። ባንኩ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ መክፈት ወይም ምክንያቱን ጽፎ መከልከል አለበት። በቃል «አይሆንም» ሲሉህ ዝም ብለህ አትውጣ፤ በጽሑፍ ስጡኝ በል። ያ ወረቀት በእጅህ ካለ የባንኮች ተቆጣጣሪ ለሆነው ለ«ባፊን» ማመልከት ትችላለህ። ተቆጣጣሪው ባንኩን ክፈት ብሎ ሊያዘው ይችላል።

የኛ ሰው እዚህ ላይ ይሸነፋል። ከመስኮቱ ኋላ ያለችው ሠራተኛ ፊቷን ካጠቆረች ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። እዚህ አገር ሠራተኛዋም አለቃዋም የሚገዙት ለተጻፈው ነው።

ከዶርትሙንድ፦ «24 ዓመቴ ነው። ጫማ፣ ጃኬት፣ ስልክ እያልኩ ‹በኋላ ክፈል› በሚለው ገዛሁ። አሁን ደብዳቤ ይመጣል። መክፈት ስለፈራሁ መሳቢያ ውስጥ አጠራቅሜዋለሁ። ለቤተሰብ መናገር አፈርኩ።»

እህቴ፣ ስለደወልሽ በጣም ደስ ብሎኛል። አንቺ የምትዪውን ነገር በየሳምንቱ እሰማለሁ፤ ከሐበሻም ከጀርመንም ልጆች።

ዛሬ ማታ ያን መሳቢያ ክፈቺው። ብቻሽን ካስፈራሽ አንድ የምታምኚው ሰው አጠገብሽ ይቀመጥ። ደብዳቤዎቹን በሁለት ክፈያቸው። ከኢንካሶ፣ ማለትም ዕዳ ከሚሰበስብ ድርጅት የመጡት በአንድ በኩል። ቢጫ ፖስታ ካለ ግን ለብቻው አውጪው። ቢጫው ብዙውን ጊዜ ከፍርድ ቤት ነው። «ማንበሻይድ»፣ ማለትም የፍርድ ቤት የክፍያ ማዘዣ ከሆነ፣ የተጠየቅሽው ገንዘብ ትክክል አይደለም ብለሽ ለመቃወም ያለሽ ጊዜ ሁለት ሳምንት ብቻ ነው። ፖስታው ላይ የተጻፈውን ቀን አትጣዪው። ያ ጊዜ ካለፈ ዕዳው እንደ ፍርድ ሊጸና ይችላል፣ የጸና ዕዳ ደግሞ 30 ዓመት ይከተልሻል። የኢንካሶ ክፍያም ቢሆን ዓይንሽን ጨፍነሽ አትክፈዪ። አንዳንዴ የሚጨምሩት ወጪ ከሚገባው በላይ ነው።

ቀጥሎ «ሹልድነርበራቱንግ» ወደሚባለው የዕዳ ምክር ቢሮ ደውዪ። «ካሪታስ»፣ «ዲያኮኒ» እና «አቮ» የሚባሉት የበጎ አድራጎት ድርጅቶች በየከተማው አላቸው፣ ምክሩም በነፃ ነው። ወረፋው ሊረዝም ይችላል፤ ስለዚህ ነገ ዛሬ አትበዪ። በማስታወቂያ «ዕዳህን እናጠፋለን» ብለው ቀድመው ገንዘብ የሚጠይቁትን አትጠጊያቸው። ደመወዝሽ እንዳይታገድ ከፈራሽ ባንክሽ ሒሳብሽን ወደ «ፔ ኮንቶ» እንዲቀይርልሽ ጠይቂ። ለኑሮ የሚያስፈልግሽን ያህል ሕጉ ከእገዳ ይጠብቅልሻል። የሰውን የብድርና የክፍያ ታሪክ በሚመዘግበው «ሹፋ» ላይ ስምሽ እንዴት እንደሰፈረ ለማወቅም በነፃ ቅጂ መጠየቅ መብትሽ ነው። ሹፋ ከ1927 ጀምሮ ያለ ድርጅት ነው፤ ቤት አከራይ፣ ስልክ ድርጅት፣ ባንክ ሁሉ እሱን ይጠይቃል። የተሳሳተ ነገር ካለ ይታረማል።

«በኋላ ክፈል» ብድር መሆኑን ብዙ ወጣት አያውቅም። ሱቁ ብድር ብሎ አይጠራውም፣ በአንድ ጣት ነክተሽ ታልፊያለሽ። አዲሱ የአውሮፓ የሸማች ብድር ሕግ አብዛኛውን እንዲህ ዓይነት ግዢ ያካትታል፤ ከኖቬምበር 20 ቀን 2026 ጀምሮ በሥራ ላይ ይውላል። አበዳሪው ሰውየው መክፈል መቻሉን መመርመር ይኖርበታል። ለኔ ይሄ ሕግ ዘግይቷል። አንቺን የመሰሉ ስንት ልጆች በዚህ መሀል ተጎድተዋል።

ከብራስልስ፦ «ያቋረጥኩት የስፖርት ቤት አሁንም በየወሩ ከሒሳቤ ይወስዳል።»

በቀጥታ ከሒሳብ እንዲቆረጥ ፈቅደህ ከነበረ በ8 ሳምንት ውስጥ ምክንያት ሳትሰጥ ባንክህን «መልስልኝ» ማለት ትችላለህ። ጭራሽ ያልፈቀድከው ከሆነ እስከ 13 ወር ጊዜ አለህ። የማቋረጫ ደብዳቤህን ቅጂ ብቻ አትጣል።

ከሄግ፦ «እኔና ባለቤቴ ለቤት መግዣ 130 ሺህ ዩሮ አጠራቅመናል። በእሷ ስም አንድ ባንክ ነው ያለው። ባንኩ ቢወድቅስ?»

በአውሮፓ ኅብረት የተቀማጭ ዋስትና ለአንድ ሰው በአንድ ባንክ 100 ሺህ ዩሮ ነው። ባንኩ ቢወድቅ ዋስትናው በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መክፈል አለበት። ስለዚህ የእናንተ 30 ሺህ ዋስትና የለውም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ወይ ሒሳቡ የሁለታችሁ ይሁን፣ ወይ የተወሰነውን ሌላ ባንክ አስቀምጡ። የጋራ ሒሳብ ከሆነ ለእያንዳንዳችሁ 100 ሺህ ነው የሚቆጠረው።

ግን ሌላ አደጋም አለ። በጥቅምት 2022 የዩሮ አገሮች የዋጋ ንረት 10.6 በመቶ ነበር። ያን ጊዜ ምንም ወለድ በሌለው ሒሳብ የተቀመጠ ገንዘብ ቁጥሩ ሳይቀንስ አቅሙ ቀለጠ። እንደ አውሮፓ ኮሚሽን ከሆነ የአውሮፓ ቤተሰቦች 10 ትሪሊዮን ዩሮ ያህል ባንክ ውስጥ አስቀምጠዋል። ብዙዎቹ አክሲዮንን ቁማር ይሉታል። በ2023 «ዩሮባሮሜትር» በተባለው የአውሮፓ ኅብረት የሕዝብ አስተያየት ጥናት የገንዘብ ዕውቀቱ ከፍተኛ የሆነው ሰው 18 በመቶ ብቻ ነበር። ስለዚህ «ፈረንጆቹ ያውቁበታል» ብላችሁ የጎረቤትን አትከተሉ። ቤቱን በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ የምትገዙ ከሆነ ግን አክሲዮን ውስጥ አትግቡ፤ ወለድ የሚከፍል የቁጠባ ሒሳብ ፈልጉ፣ ባንኮችን አወዳድሩ። በዚህ ላይ ሁለት ሰዓት ማጥፋት ያዋጣል።

ከሙኒክ፦ «እቁብ ደረሰኝ። 12 ሺህ ዩሮ በጥሬው ይዤ ባንክ ብሄድ ‹ከየት አመጣሽው?› አሉኝ። እንደ ሌባ ተሰማኝ።»

እናታችን፣ ይህ የእርስዎ ብቻ ጉዳይ አይደለም። ጀርመን ውስጥ ከነሐሴ 2021 ጀምሮ ከ10 ሺህ ዩሮ በላይ ጥሬ ገንዘብ የሚያስገባ ሰው ሁሉ ምንጩን በማስረጃ ማሳየት አለበት። ጀርመናዊውም ይጠየቃል።

እቁብ ለኛ በቃልና በፊት የሚሠራ ነገር ነው። ዳኛውን እናምናለን፣ ይበቃናል። ባንኩ ግን ዳኛውን አያውቀውም። ስለዚህ እቁባችሁ ወረቀት ይኑረው፦ የአባላት ስም፣ የወር መዋጮ፣ ዕጣው የወጣበት ቀን፣ የዳኛውና የጸሐፊው ፊርማ። ቢቻል መዋጮው በባንክ ይተላለፍ። ከጥር 2025 ወዲህ የዩሮ አገሮች ባንኮች ሁሉ በ10 ሰከንድ የሚደርስ ክፍያ መቀበል አለባቸው፤ ከጥቅምት 2025 ጀምሮ ደግሞ መላክም ግዴታቸው ነው፣ ከተራው ዝውውር በላይም ማስከፈል አይችሉም። ገንዘብ ስትልኩም የተቀባዩ ስምና የሒሳብ ቁጥሩ መገጣጠማቸውን ባንኩ ይነግራችኋል።

ያን 12 ሺህ ለሁለት ከፍለው እንዳያስገቡ። ይህን ምክር የሚሰጥ ሰው ብዙ ነው፣ ግን ሆን ብሎ መከፋፈሉ ራሱ ጥርጣሬ ይፈጥራል። ዳኛውንና ጸሐፊውን አስፈርመው በጀርመንኛ አንድ ገጽ ይጻፉና ወደዚያው ባንክ ይመለሱ። ጽሑፉን ለማዘጋጀት የሚረዳዎት ካጡ ለዝግጅታችን ይደውሉ፣ አብረን እንጽፈዋለን።