«ለየግዛቱ ተዉት» ሲባል

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ከረማችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ሰሞኑን ሲከነክነኝ የቆየ ነገር ስላለ እሱን ላጫውታችሁ። አሜሪካ ውስጥ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ ሲነሳ ቶሎ የሚመጣው መልስ «ለየግዛቱ ተዉት» ነው። እውነት ነው፣ እዚያ አገር የጋብቻ ፈቃድ የሚሰጠው በግዛት ሕግ ነው፤ ዋሽንግተን ያለው የፌዴራል መንግሥት አይደለም። ብዙዎቻችሁ ጉዳዩን በእምነታችሁ እንደማትቀበሉት፣ አገር ቤትም በወንጀል እንደሚያስጠይቅ አውቃለሁ። ቢሆንም ስሙኝ።

ኤዲት ዊንድሰር የኒው ዮርክ ሴት ነበረች። ከአርባ ዓመት በላይ አብራት ከኖረችው ከቲያ ስፓየር ጋር በ2007 (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ካናዳ፣ ቶሮንቶ ሄደው ተጋቡ። ቲያ በ2009 አረፈች። ኒው ዮርክ ጋብቻውን ተቀብሎታል። የፌዴራሉ መንግሥት ግን በ1996 በወጣ ሕግ ጋብቻ የወንድና የሴት ብቻ ነው ብሎ 363,053 ዶላር የውርስ ግብር አስከፈላት። የሞተባት ባል ቢሆን ኖሮ ያን ግብር አትከፍልም ነበር። ከሰሰች፤ በ2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አምስት ለአራት ፈረደላት። ፍርዱ ከጠቀሳቸው ነገሮች አንዱ ጋብቻን መደንገግ ከጥንትም የግዛቶች ሥራ መሆኑ ነው።

ያን ዜና ሲንሲናቲ፣ ኦሃዮ ሆነው የሰሙ ሁለት ወንዶች ነበሩ። ጆን አርተር በማይድን የነርቭ በሽታ አልጋ ላይ ውሏል። ጂም ኦበርጌፌል «እንጋባ» አለው። ኦሃዮ አይፈቅድም። ወዳጅ ዘመድ ገንዘብ አዋጣ፣ የሕክምና መሣሪያ ያለው አውሮፕላን ተከራዩ፣ ሜሪላንድ አረፉ። ከአውሮፕላኑ ሳይወርዱ እዚያው ሜዳው ላይ የጆን አክስት አጋባቻቸው፤ በዚያው ቀን ተመለሱ። ከዚያ አንድ ጠበቃ ባዶ የሞት ምስክር ወረቀት ይዞ መጣና አሳያቸው፦ ጆን ሲሞት «ያላገባ» ተብሎ ነው የሚሞላው፣ በትዳር ጓደኛ ቦታ የጂም ስም አይገባም። ሰውየው ገና በሕይወት አለ!

እኛም አገር የቤተሰብ ሕግ የየክልሉ ነው፤ ግን ባሕር ዳር የተጋባ ሰው አዳማ ሲደርስ ላጤ አይሆንም።

ጂምና ጆን ሲከሱ ኦሃዮም የተከራከረችው በዚያው በግዛት ሥልጣን ነው። ኒው ዮርክ ላይ ለመበለቲቱ የቆመው ክርክር ኦሃዮ ላይ የባልን ስም ከወረቀት ለማስወጣት ዋለ። ለዚህ ነው «ማን ይወስን?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን የማያጠግበኝ፤ የሚወሰንበት ሰው ምን ይደርስበታል? በ2015 ኦበርጌፌል ጠቅላይ ፍርድ ቤት አሸንፎ ጋብቻው በሁሉም ግዛት ሲፈቀድ፣ ፍርዱ የቆመው በ14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ፣ በሰው ነጻነትና እኩልነት ላይ ነው። እኔም መቆም የነበረበት እዚያ ላይ ነው እላለሁ።

በ2022 ጆ ባይደን የፈረሙት ሕግ ደግሞ ግዛቶች ሌላ ግዛት ለተፈጸመ ጋብቻ እውቅና እንዲሰጡ ያስገድዳል፤ ራሳቸው ፈቃድ እንዲሰጡ ግን አያስገድድም። የ2015ቱ ፍርድ አንድ ቀን ቢሻር፣ የድሮ ክልከላቸውን ያልሰረዙ ግዛቶች ብዙ ናቸው። እዚያ ያሉ ጥንዶች ሌላ ግዛት ሄደው ተጋብተው መመለስ ሊኖርባቸው ነው። የጉዞ ገንዘብ ለሌለው፣ ከአልጋ ለማይነሳ ሕመምተኛ፣ ይህን መብት ብዬ ልጠራው አልችልም።