ዊጎችና ለራሳቸው ያራዘሙት ዘመን

የተከበራችሁ የታሪክ ማኅበራችን አባላት፣ ክቡራትና ክቡራን፤

ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ እንግሊዙ የዊግ ፓርቲ አነሣሥና ዕድገት ነው። ስለ 1688ቱ አብዮትና በማግስቱ ስለወጣው የመብቶች ድንጋጌ በዚህ አዳራሽ ብዙ ተወያይተናልና፣ እኔ ሁልጊዜ በችኮላ ወደምናልፈው ወደ 1716 እወስዳችኋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አነሣሡ የሚያስከብር ነበር። ንጉሥ ዳግማዊ ቻርልስ ከንግሥቲቱ ልጅ ስላልወለዱ ዙፋኑ ለወንድማቸው ለካቶሊኩ ጄምስ ሊተላለፍ ነበር። የሻፍትስበሪው አርል (አርል የመኳንንት ማዕረግ ነው)፣ አንተኒ አሽሊ ኩፐር፣ ከ1679 ጀምሮ ጄምስን ከወራሽነት ለማገድ ደጋፊዎችን አሰባሰቡ፤ ዊግ የተባሉት እነዚህ ደጋፊዎችም በለንደን መጠጥ ቤቶች እየተገናኙ መከሩ፣ አቤቱታ አስፈረሙ፣ በራሪ ጽሑፍ በተኑ። የታችኛው ምክር ቤት ያጸደቀውን ረቂቅ የመኳንንቱ ምክር ቤት በኖቬምበር 1680 ጣለው፤ ንጉሡም በመጋቢት 1681 ኦክስፎርድ ላይ የጠሩትን ፓርላማ በአንድ ሳምንት ውስጥ በተኑት። ሻፍትስበሪ ወደ ሆላንድ ተሰደው በ1683 አምስተርዳም ውስጥ ሞቱ።

የንጉሥን ፈቃድ በሕግ ለመገደብ ይህን ያህል ዋጋ የከፈለ ወገን፣ ጊዜው ደርሶ ሥልጣን ሲይዝ ምን አደረገ? ከ1694 ጀምሮ የአንድ ፓርላማ ዕድሜ ከሦስት ዓመት እንዳይበልጥ ሕግ ይደነግግ ነበር። ዊጎች የ1715ቱን ምርጫ አሸነፉ፤ በዚያው ዓመት የማሩ አርል ስኮትላንድ ውስጥ በ1688ቱ አብዮት ከዙፋን የወረደው የጄምስ ልጅ እንዲነግሥ ዐመፁ። ዐመፁ ከተሰበረ በኋላ፣ በ1716፣ ዘመኑን ወደ ሰባት ዓመት አሳደጉት። ሕጉ ለሚመጣው ፓርላማ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቅሬታዬ በለዘበ ነበር፤ እነርሱ ግን ለተቀመጡበትም ወንበር አዋሉት! ለሦስት ዓመት የተላኩ እንደራሴዎች፣ የላካቸውን መራጭ ሳይጠይቁ፣ አራት ዓመት ለራሳቸው ጨመሩ! እስከ 1722 ድረስም አጠቃላይ ምርጫ አልተካሄደም።

አደጋው እውነተኛ እንደነበር አልክድም፤ ምርጫም ሁከትና ከባድ ወጪ ያስከትል ነበር። ይሁን እንጂ አደጋው ሲያልፍ ሕጉ አላለፈም፤ እስከ 1911 ድረስ፣ 195 ዓመት ጸንቶ ኖረ። የመራጭን ፈቃድ ያለ ፈቃዱ ማራዘም፣ ንጉሥ ቢያደርገው አምባገነንነት ከተባለ፣ ፓርላማ ሲያደርገው ሌላ ስም ሊሰጠው አይገባም!

የዊጉ ጠቅላይ ሚኒስትር ሮበርት ዋልፖል ከ1721 እስከ 1742 የገዙት በዚህ መሠረት ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ፤ የዊጉ ጠቅላይ ሚኒስትር አርል ግሬይ በ1832 የ56 ትናንሽ የምርጫ ወረዳዎችን ውክልና ሰረዙ፣ በ1833 ባርነት በሕግ ሲቀር 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ ለባሪያ አሳዳሪዎች ተመደበ፣ በ1859 ዊጎች ከሌሎች ጋር ተዋሕደው ሊበራል ፓርቲ ሆኑ።

ስለዚህ ማኅበራችን በሚያዘጋጀው የትምህርት መርሐ ግብር፣ የ1716ቱ ሕግ ከ1689ኙ ድንጋጌ ጎን እኩል ሰዓት እንዲመደብለት በይፋ እጠይቃለሁ።

አመሰግናለሁ።