የፈረስ ጉልበት ብቻውን ለምን አያሸንፍም? የሞቶ ጂፒ ሞተሮችና ሞተረኞቻቸው

(ምስል፦ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ የሚወጣው መንገድ፣ ባጃጆች ሰው ጭነው ዳገቱን ሲወጡ)

ጤና ይስጥልን፣ የተከበራችሁ ተመልካቾቻችን። ይህን ዝግጅት የምናቀርብላችሁ ከጎንደር ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ሳሳ ያለ ነው፤ ሞተር ነዳጁን የሚያቃጥለው በአየር ነውና ይህን ዳገት የሚወጣ የባጃጅ ሾፌር የጉልበት ማነስን አሳምሮ ያውቀዋል። ዝናብ ባራሰው ኮብልስቶን ላይ ነዳጅ በድንገት ከሰጠ የኋላ ጎማው እንደሚንሸራተትም ያውቃል። በዓለም ትልቁ የሞተር ሳይክል ውድድር በሞቶ ጂፒ፣ የሞተር መሐንዲሶችን ከሁሉ በላይ ሲያስጨንቅ የኖረው ይኸው ሁለተኛው ጉዳይ ነው፦ ጉልበቱ ወደ ኋላ ጎማ እንዴት ይድረስ?

ውድድሩ የተጀመረው በ1949 ሲሆን፣ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የበላይነቱ የባለአራት ምት ሞተሮች ነበር። ምት ማለት በሲሊንደሩ ውስጥ የሚመላለሰው ፒስተን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚያደርገው አንድ ጉዞ ነው። ባለአራት ምት ሞተር በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ ሲያቃጥል ባለሁለት ምቱ በየዙሩ ያቃጥላል፤ ነገር ግን ብዙ ነዳጅ ሳይቃጠል በማርሚታው ያመልጠው ነበር። ለዚህ ችግር ከማንም በላይ መፍትሔ ያበጀለት በምሥራቅ ጀርመኑ ኤም ዜድ የሞተር ሳይክል ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ቫልተር ካደን ነው። ካደን ማርሚታውን መሀሉ ሰፊ፣ ጫፉ ጠባብ አድርጎ ሠራው፤ ከሲሊንደሩ የሚወጣው የግፊት ሞገድ ከጠባቡ ጫፍ ተላትሞ ሲመለስ ሊያመልጥ የነበረውን ነዳጅና አየር መልሶ ወደ ሲሊንደሩ ይገፋዋል። በ1961 የቡድኑ ሞተረኛ ኤርንስት ዴግነር ስዊድን ውስጥ ከተካሄደ ውድድር ከድቶ ወደ ምዕራብ ሲሻገር ይህን ዕውቀት ይዞ ሱዙኪ ገባ፤ በቀጣዩ ዓመትም በ50 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ1975 ጃኮሞ አጎስቲኒ በባለሁለት ምት ያማሃ የዋናውን ክፍል፣ የ500 ሲሲውን ዋንጫ ካነሣ በኋላ፣ እስከ 2001 ድረስ ያ ዋንጫ ከባለሁለት ምት ሞተር እጅ አልወጣም።

ሆንዳ በዚያ ዘመን መካከል በ1979፣ ፒስተኑ ሞላላ የሆነና በየሲሊንደሩ ስምንት ቫልቭ (የአየር ማስገቢያና የጭስ ማውጫ መዝጊያ) ያለው ኤን አር 500 የተባለ ባለአራት ምት ሞተር ይዞ ቀርቦ ነበር። በሻምፒዮናው አንድ ነጥብ እንኳ አላስገኘለትም፤ በእኔ እምነት ግን በዚህ ውድድር ታሪክ ከእርሱ የበለጠ ድፍረት የታየበት ሞተር የለም።

(ምስል፦ የኋላ ጎማ በመታጠፊያ ላይ፣ በዝግታ)

የባለሁለት ምቱ 500 ሲሲ ጉልበት በድንገት የሚመጣ ነበር። ሞተረኛው በመታጠፊያ ላይ ተጋድሞ ነዳጅ ሲሰጥ የኋላ ጎማው ይንሸራተታል፤ ከዚያ ድንገት መሬቱን ሲይዝ ሞተር ሳይክሉ ተፈናጥሮ ሰውየውን ወደ ላይ ይወረውረዋል። በ1992 ሆንዳ አራቱ ሲሊንደሮች በእኩል ርቀት ማቃጠላቸውን አስቀርቶ፣ ከ360 ዲግሪው ዙር በ70 ዲግሪ ገደማ ውስጥ ተከታትለው እንዲያቃጥሉ አደረገ። የቀረው የዙሩ ክፍል ያለ ጉልበት ስለሚያልፍ፣ ጎማው በዚያች ቅጽበት መሬቱን መልሶ ይጨብጣል። አውስትራሊያዊው ሚክ ዱሃን የዓመቱን የመጀመሪያዎቹን አራት ውድድሮች አከታትሎ አሸነፈ። በዚያው ዓመት ሆላንድ ውስጥ አሰን ላይ እግሩ ክፉኛ ተሰበረና ዋንጫው አመለጠው፤ ቀኝ እግሩ የኋላ ፍሬኑን መርገጥ ስላቃተው በአውራ ጣት የሚጨመቅ ፍሬን ተሠራለት፤ ከ1994 እስከ 1998 ድረስም አምስት ዋንጫዎችን በተከታታይ ወሰደ። የሚያስደንቀው ግን በ1997 ዱሃን ራሱ በእኩል ርቀት ወደሚያቃጥለው አስቸጋሪ ሞተር ተመልሶ 12 ውድድሮችን ማሸነፉ ነው። ሌላውን የሚጥል ሞተር ለእርሱ እጅ ይታዘዝ ነበር።

በ2002 ደንቡ ተለውጦ 990 ሲሲ ባለአራት ምት ሞተሮች ተመለሱ። ቫለንቲኖ ሮሲ በሆንዳ ባለአምስት ሲሊንደር ሞተር ሁለት ዋንጫዎችን ካነሣ በኋላ፣ በ2003 አንድም ውድድር ወዳላሸነፈው ያማሃ ተሻገረ። የያማሃው መሐንዲስ ማሳኦ ፉሩሳዋ የተረዳው ነገር ይህ ነው፦ በተለመደው የረድፍ ባለአራት ሲሊንደር ሞተር አራቱም ፒስተኖች በአንድ ቅጽበት ይቆማሉ፣ በአንድ ቅጽበት ይፈጥናሉ፤ ስለዚህ የፒስተኖቹን መውጣትና መውረድ ወደ ዙር የሚለውጠው ክራንክ ሻፍት አንዱን ዙር በእኩል ፍጥነት አይጨርስም፤ ነዳጅ የሚሰጠው ሞተረኛም የእጁን ትእዛዝ ከፒስተኖቹ መወዛወዝ ለይቶ ማወቅ ይሳነዋል። ፉሩሳዋ የክራንክ ሻፍቱን ክንዶች በ90 ዲግሪ ልዩነት፣ ከጫፍ ሲታዩ መስቀል እንዲመስሉ አደረጋቸው፤ ሁለቱ ፒስተኖች ሲቆሙ ሁለቱ በፈጣን ጉዞ ላይ ናቸውና መወዛወዙ እርስ በርሱ ይጣፋል። ሮሲ ማሌዥያ ላይ በተደረገ ሙከራ ከቀረቡለት አራት ዓይነት ሞተሮች መካከል የመረጠው ይህን ሥሪት ነው። ሚያዝያ 2004 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ፣ ከ1,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የዌልኮም ሜዳ፣ በሆንዳ ላይ የነበረውን ማክስ ቢያጂን በ0.210 ሰከንድ ቀድሞ ገባ፤ ከመስመሩ በኋላም ሞተር ሳይክሉን አቁሞ ሳመው። የዓመቱም ዋንጫ የእርሱ ሆነ።

በ90 ዲግሪ የተከፈተ ቪ ፎር ሞተር፣ ማለትም አራት ሲሊንደሮቹ ሁለት ሁለት ሆነው በቪ ቅርጽ የተቀመጡበት ሞተር፣ ይህን ጸጋ በተፈጥሮው ይዞት ይመጣል፤ ክራንክ ሻፍቱም አጭር ነው። የጣሊያኑ ዱካቲ ምርጫ ይህ ሲሆን፣ ቫልቮቹን ለመዝጋት ሞላ አይጠቀምም፤ ቫልቩን የሚከፍተውም የሚዘጋውም ካም የተባለው እየዞረ የሚገፋ ብረት ነው። ኬሲ ስቶነር በ2007 በዚህ ሞተር 10 ውድድሮችን አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። ሮሲ ግን በ2011 እና በ2012 በዱካቲ አንድም ድል አላገኘም። ዱካቲ ዳግመኛ ዋንጫ ለማንሣት እስከ ፍራንቼስኮ ባኛያ፣ እስከ 2022 ድረስ ጠብቋል፤ ከዚያ ወዲህ እስከ 2025 የሞተረኞቹ ዋንጫ ከዱካቲ አልወጣም።

ያማሃም በ2025 ጣሊያን ውስጥ ሚዛኖ ላይ የራሱን ባለአራት ምት ቪ ፎር ለመጀመሪያ ጊዜ አሰልፏል። በ2027 የሞተሩ መጠን ከ1000 ወደ 850 ሲሲ፣ የሲሊንደሩ የስፋት ጣሪያም ከ81 ወደ 75 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። በውድድሩ መሀል የሞተር ሳይክሉን ቁመት ዝቅ እያደረገ ከመታጠፊያ ሲወጣ የፊት ጎማው እንዳይነሣ የሚያግዘው መሣሪያም ይከለከላል፤ ያ ሥራ ከዚያ በኋላ በአብዛኛው የሞተረኛው ቀኝ እጅ ይሆናል።